ጎማውን መሬቱ፣ ቀኑን ወቅቱ ይመርጠዋል



በዚህ ዕትም ስለ ቢሮና ስለ ፎርም አንጽፍም። ስለ መንገድ እንጽፋለን፤ ከቂርያት ጋት ወጣ ብሎ ስላለውና አስፋልት ስላልለበሰው መንገድ። ርዕሱን ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች አዲስ የገቡ ቤተሰቦችን ለመጠየቅ ስንሄድ፣ ብዙ ጊዜ በረንዳው ላይ ወይም ደረጃው ሥር ብስክሌት ቆሞ እናያለን። አንዱን ዘመድ ሰጥቶታል፤ ሌላውን ጎረቤት «ልጄ አድጎበታል» ብሎ አውርሶታል፤ ሌላው ያገለገለ ሆኖ በርካሽ ተገዝቷል። ልጁ ሰፈሩን ቶሎ ይለምድና ከከተማው ጫፍ መድረስ ይጀምራል። እናትና አባት ግን ይጨነቃሉ። «ወዴት እንደሚሄድ አናውቅም። እኛ በአገራችን ብስክሌት አልነዳንም። ቋንቋውንም መንገዱንም ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቃል» ይሉናል።

ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ልጁን ብቻውን አትልቀቁት፤ ጉዞውን ከእሱ ጋር ሆናችሁ ምረጡ። በአፈርና በድንጋይ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው መሬቱን ነው፤ ጎማ የሚመረጠው በመሬቱ ዓይነት ነውና። ሁለተኛው ወቅቱን ነው። አርሶ ያደረ፣ ከብት የነዳ፣ በእግሩ ረጅም መንገድ የተጓዘ ወላጅ ስለ መሬትና ስለ ወቅት ከልጁ የበለጠ ያውቃል። የሚጎድለው ያንን እውቀት ከዚህ አገር ጋር ማገናኘት ብቻ ነው።

መንገዱ

ቂርያት ጋት የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ስሟ የተወሰደው በመጽሐፍ ቅዱስ ጌት ተብላ ከምትጠራው፣ ከጎልያድ አገር ነው። በዚያን ጊዜ በከተማዋ ጫፍ ያለው ቴል ኤራኒ የተባለው ጉብታ የጥንቷ ጌት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በኋላ ግን ሊቃውንት ጌትን ከዚህ በስተ ሰሜን በሚገኘው ቴል ጻፊት ላይ አገኟት፤ ስሙ ግን ለከተማችን ቀረ። ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ቴል ላኪሽን ያገኛል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ለኪሶ የምንላት ናት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የቤት ጉቭሪን ዋሻዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ደቡብ ደግሞ ፑራ የሚባለው ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ አለ።

በዚህ አካባቢ የባቡር ታሪክም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቱርኮች ጦራቸውን ወደ ሲና ለማድረስ ፈልገው የባቡር ሐዲድ ወደ ደቡብ ዘረጉ፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤር ሼቫ ደረሰ። ስፋቱ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ዛሬ ብረቱ ተነሥቷል፤ በፑራ ግን የዚያ ዘመን የባቡር ድልድይ ፍርስራሽ አሁንም ይታያል። አሁን በከተማችን የሚያልፈው ባቡር ሌላ ነው፤ ይህ መስመር ቤር ሼቫ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ከእናንተ መካከል አዲስ አበባ የቆዩት ለገሃርን ያውቁታል። ከጅቡቲ የመጣው የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ የቆመበት ጣቢያ ነው። ከጎንደር ገጠር በቀጥታ የመጡት ግን ባቡርን በቅርብ ያዩት እዚህ አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳንዘገይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንናገር። ባቡር በሚሄድበት ሐዲድ ላይም ሆነ በአጥሩ ውስጥ በሐዲዱ ዳር መሄድ ክልክል ነው፤ በእግርም፣ በብስክሌትም። ባቡሩ በጣም ፈጣን ነው፤ ሹፌሩ ሰው ቢያይ እንኳ ወዲያው ማቆም አይችልም። ልጆች አቋራጭ ብለው በአጥር ቀዳዳ ሲገቡ ካያችሁ በቁጣ ሳይሆን በምክንያት አስረዷቸው። ብስክሌት የሚነዳው ብረቱ ተነሥቶ ለሰው በተከፈተ መንገድ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ መንገድ በብዙ አገር ይወደዳል። ምክንያቱም ባቡር ዳገት አይችልም፤ መንገዱ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳይኖረው ይደረጋል። ለባቡር የለሰለሰ ዳገት ለልጅና ለጀማሪም ለስላሳ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ኬቲ ትሬይል የሚባለው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በድሮ ሐዲድ ላይ ተሠርቶ በደቃቅ የኖራ ድንጋይ ተሸፍኗል። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1892 ከያፎ ኢየሩሳሌም የገባው ባቡር በኢየሩሳሌም ከተማ ውስጥ ይሄድበት የነበረው መስመር ዛሬ ፓርክ ሐመሲላ የሚባል የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። እሱ ለስላሳ ስለሆነ ብስክሌት ለሚለማመድ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። በእኛ በኩል ያሉት የጫካና የእርሻ መንገዶች ግን ድንጋይና አፈር ናቸው፤ ዝግጅት ይፈልጋሉ።

ድንጋዩና አፈሩ

የተፈጨ ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ከሐዲድ ሥር የሚደፋው ድንጋይ ትልልቅና ሹል ነው፤ ውሃ እንዲያሳልፍ ተብሎ ደቃቁ ሆን ተብሎ ይወጣለታል። ስለዚህ ፈጽሞ አይጠቀጠቅም፤ ብስክሌት በላዩ ይንገዳገዳል። ለብስክሌት የሚሆነው ጠጠሩም ደቃቁም አንድ ላይ የተደባለቀበት ነው። ሹሉ ጠጠር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ደቃቁ በመካከሉ ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝና ከባድ ነገር ሲያልፍበት ይጠነክራል። አውድማ የለቀለቀና የደለደለ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

በቂርያት ጋት ዙሪያ ሦስት ዓይነት መሬት ታገኛላችሁ። በምሥራቅ፣ በላኪሽና በቤት ጉቭሪን በኩል፣ መሬቱ ነጭና ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው። ሲደርቅ ጥሩ መንገድ ይሆናል፤ ሲረጥብ ግን በሳሙና እንደተቀባ ያንሸራትታል። በምዕራብ ባለው የእርሻ ሜዳ ላይ ዋልካ የሚመስል ከባድ አፈር አለ፤ በዝናብ ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በደቡብ፣ በፑራ በኩል፣ ነፋስ ያመጣው ደቃቅ ቢጫ አፈር ነው። እሱ በበጋ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ በዝናብ ጊዜ ጎማውንና ፍሬኑን ሞልቶ ብስክሌቱን ያቆመዋል።

ጎማው

አዲስ ብስክሌት መግዛት አያስፈልግም፤ ያለውን ማዘጋጀት ይበቃል። መጀመሪያ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 26 × 1.75 ቢል የመጀመሪያው የጎማው ቁመት፣ ሁለተኛው ስፋቱ በኢንች ነው። 40-622 ቢል ደግሞ 40 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 622 የቸርኬው ልክ ነው። ጎማ ቤት ስትሄዱ ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱ፤ ዕብራይስጥ ባትችሉም ቁጥሩ ይናገርላችኋል።

ለአስፋልት የሚሠራው ቀጭን ጎማ፣ 23 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በጠጠር ላይ ይሰምጣል፣ ሲታጠፉም ይከዳል። በደንብ ለተጠቀጠቀ ደቃቅ ድንጋይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያለው ይበቃል። ድንጋዩ ልል ከሆነ ወይም ትልልቅ ጠጠር ካለው 50 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 2 ኢንች ገደማ፣ ይሻላል። በየቤቱ የምናያቸው 26 ኢንች የሆኑ አሮጌ የተራራ ብስክሌቶችና ባለ 20 እና ባለ 24 ኢንች የልጆች ብስክሌቶች አብዛኛውን ጊዜ በቂ ስፋት አላቸው። ጥርሱ በጣም ትልቅ የሆነ ጎማ አትፈልጉ፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ያደክማል እንጂ አይጠቅምም። መካከሉ ዝቅ ያለ ጥርስ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለ ጥርስ ያለው ከሁሉ ይስማማል።

ከስፋቱ ቀጥሎ የንፋሱ መጠን ነው። ብዙ ልጆች ጎማው እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ይነፉታል። በጠጠር ላይ ይህ ስሕተት ነው፤ በጣም የተነፋ ጎማ በእያንዳንዱ ጠጠር ላይ ይዘላል። ትንሽ የላላ ጎማ ግን ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል። ለአንድ አዋቂ በ40 ሚሊ ሜትር ጎማ ወደ 3 ባር ወይም 43 ፒ.ኤስ.አይ.፣ በ50 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ2 እስከ 2.5 ባር ይበቃል። ለልጅ፣ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ወደ 2 ባር መጀመር ይቻላል። የፊተኛው ከኋለኛው ትንሽ ይቀንስ፤ ሸክሙ ያለው ከኋላ ነውና። በጎማው ጎን ከተጻፈው ትንሹና ትልቁ ልክ ግን አትውጡ። በጣም ከላላ ቸርኬው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ የውስጡን ጎማ ቆንጥጦ ይበሳዋል። በነዳጅ ማደያ መንፊያ የምትነፉ ከሆነ ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ ለመኪና የተሠራ ስለሆነ በቅጽበት ያፈነዳዋል።

ያገለገለ ብስክሌት ሲሰጣችሁ የጎማውን ጎን በጣታችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ እዩ። ፀሐይ ያደረቀው ጎማ ይሰነጣጠቃል፤ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መለወጥ አለበት። የዚህ አገር ሌላው ጠላት እሾህ ነው። የፀደዩ እሾህ በበጋ ደርቆ በየመንገዱ ዳር ይበተናል። ስለዚህ እሾህ የሚከላከል ሽፋን ያለው ጎማ ጠይቁ፤ ወይም በውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አስደርጉ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መፍቻና ትንሽ መንፊያ ይዞ መውጣት ልማድ ይሁን። ልጁ ጎማ አውልቆ መመለስን ቤት ውስጥ፣ አባቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ይለማመድ።

በጎማ ቤት የሚያስፈልጉ ቃላት እነዚህ ናቸው፦ የውጭ ጎማ ጸሚግ፣ የውስጥ ጎማ ፕኒሚት፣ ቀዳዳ ፓንቸር፣ የንፋስ ግፊት ላሐጽ አቪር፣ እሾህ ኮጽ፣ ጠጠር ሐጻጽ፣ ጭቃ ቦጽ፣ የራስ ቁር ካስዳ።

ጊዜው

ሰዓቱን የምንጽፈው በእስራኤል አቆጣጠር ነው፤ 6፡00 ስንል በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ የገበሬው እውቀት መገልበጥ አለበት እንጂ መጣል የለበትም። በአገራችን ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል። እዚህ በእነዚያ ወራት ጠብታ አይወርድም። ዝናቡ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ ብዙው ከኅዳር እስከ የካቲት ይወርዳል።

ከዝናብ በኋላ ስንት ቀን እንጠብቅ? መልሱን መሬቱ ይሰጣል። በጥሩ ሁኔታ በተፈጨ ድንጋይ የተሸፈነ መንገድ ቀላል ዝናብ ካገኘ ከአንድ ፀሐያማ ቀን በኋላ ይሄዱበታል። እንዲያውም ትንሽ ሲረጥብ ከሁሉ ይሻላል፤ አቧራው ይተኛል፣ ጠጠሩም ይያዛል። የዋልካውና የፑራው አፈር ግን ከከባድ ዝናብ በኋላ ሦስት አራት ደረቅ ቀን ይፈልጋል። መፈተኛው ተረከዝ ነው። መሬቱን በተረከዛችሁ ጫን በሉት፤ ጭቃው ከጫማችሁ ጋር ከተነሣ ከጎማውም ጋር ይነሣል፤ ተመለሱ። በእርጥብ መሬት ላይ የሚነዳ ሰው መንገዱንም ያበላሻል፤ ጎማው የቆፈረው ጎድጓዳ በፀሐይ እንደ ጡብ ደርቆ የሚቀጥለውን ልጅ ይጥላል። ዝናብ በጣለ ዕለት ደግሞ የላኪሽንም ሆነ የሺቅማን ወንዝ አትሻገሩ። በበጋ ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ሸለቆ በድንገት ሊሞላ ይችላል፤ ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ለልጆቻችሁ ግን ንገሩ።

በበጋ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጠላቱ ሙቀት ነው። በ6፡00 ወጥቶ በ9፡00 ቤት መግባት መልካም ነው። ጠዋት ነፋሱ ትንሽ ነው፤ በብዙ ቀን ጤዛ ስለሚወርድ አቧራውም ይቀንሳል። ከቀትር በኋላ ከባሕር በኩል ነፋስ ይነሣል። ይህ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ ወደ ደቡብ የሄደን ሰው እየገፋ ይወስደዋል፤ ሲመለስ ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ልጅ ሲሄድ ጉልበቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ሲመለስ ይደክማል። ስለዚህ መመለሻውን ቆጥራችሁ ውጡ። በበጋ መጨረሻ ደቃቁ በነፋስ ስለሚሄድ ጠጠሩ ይላላል፤ በየካቲት ጥሩ የነበረው መንገድ በነሐሴ እንደ ባቄላ ከጎማ ሥር ይንከባለላል። በዚያን ጊዜ ንፋሱን ትንሽ ቀንሱ፣ ፍጥነቱንም ቀንሱ።

በክረምት ቀኑ አጭር ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከ17፡00 በፊት ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከ9፡00 እስከ 15፡00 ያለው ይበቃል። በፀደይና በመኸር ሻራቭ የሚባለው ደረቅ ሙቀት የሚነሣበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ቤት ዋሉ።

ከሁሉ የሚያምረው ጊዜ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። በፑራ ካላኒት የሚባለው ቀይ አበባ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕዝብ ድምፅ የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ሆኖ ተመርጧል። ልጆቻችን በመስከረም አደይ አበባ ቀጥፈው ማምጣት ለምደው ይሆናል። ይህንን ግን መቅጠፍ በሕግ ክልክል ነው፤ አይተው ይለፉ።

ስለ ሰንበት ብዙዎች ይጠይቁናል። በቅዳሜ በየጫካው ብስክሌት የሚነዱ ብዙ ሰዎች ታያላችሁ። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ልጁ «ሁሉም ይነዳል» ሲለው ግራ መጋባት የለበትም። ትምህርት በሌለበት አርብ ጠዋት፣ በፋሲካና በሱኮት መካከል ባሉት የዕረፍት ቀናት፣ በበጋ ማለዳም ጊዜ አለ። ለልጁ ቀኑን ከከለከላችሁት ሌላ ቀን ስጡት፤ ሰጥታችሁም አብራችሁት ውጡ። ክልከላ ብቻ ከሆነ ልጁ ተደብቆ መሄድን ይማራል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ሁሉ ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁር ማድረግ በሕግ ግዴታ ነው። አዋቂም ከከተማ ውጭ ያድርግ። በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ከብስክሌት ወርዶ፣ እየገፉ መሻገር ነው። ከከተማችን ወደ ፑራ በሚወስደው የመኪና አውራ ጎዳና ላይ ልጅ አይነዳም፤ ብስክሌቱ በመኪና ተጭኖ የአፈሩ መንገድ ከሚጀምርበት መነሣት ይሻላል። መኪና የሌላቸው ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ሆነው ከጎረቤት ጋር መነጋገር ይችላሉ። ይህ ራሱ መተዋወቂያ ይሆናል።

በጠጠር ላይ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ እየታጠፉ መያዝ ይጥላል። የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት መያዝም እንዲሁ። ለአንድ ሰው ለአንድ ሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ ይያዝ፤ በሙቀት ከዚያ በላይ። በሜዳ ላይ የተጣለ ብረት ወይም ከጦር መሣሪያ የቀረ የሚመስል ነገር ልጅ እንዳይነካ፤ ለፖሊስ በ100 ይደወል። ለጉዳት ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ነው። የማስጠንቀቂያ ሳይረን ከተሰማና ቅርብ መጠለያ ከሌለ ከብስክሌቱ ወርዶ መሬት ላይ መተኛት፣ ራስን በእጅ መሸፈን ነው። ይህን ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ እናንተም ከእነሱ ተማሩት።

በመጨረሻ ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ነገር እንበል። እዚህ አገር ከመጣችሁ ወዲህ ልጃችሁ በቢሮ አስተርጓሚ፣ በባንክ አንባቢ፣ በስልክ መላሽ ሆኖላችኋል። እናንተም አንዳንድ ጊዜ «እኛ ምንም አናውቅም» ትላላችሁ። በአፈር መንገድ ላይ ግን ይህ እውነት አይደለም። ልጁ የጎማውን ቁጥር ያነባል፤ መሬቱ ይችል እንደሆነ፣ ደመናው ዝናብ ያዘ እንደሆነ፣ ከመሸ በፊት ቤት ይደረስ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ብስክሌት የማይነዳ ወላጅ እንኳ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት መንገዱን በእግሩ ሄዶ ማየት፣ በተረከዙ መፈተን፣ «ነገ ይሆናል» ወይም «ሦስት ቀን እንቆይ» ማለት ይችላል። ልጁ ይህን ቃል ሰምቶ በማግስቱ መንገዱ እንደተባለው ሆኖ ሲያገኘው፣ ያባቱ እውቀት በባሕር ማዶ እንዳልቀረ በዓይኑ ያያል። እኛ በሥራችን ብዙ ምክር እንሰጣለን፤ የዚህን ያህል የሚሠራ ምክር ግን ጥቂት ነው።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።